በድንጋይ የተያዘ ጦስኝ

ጎባ ውስጥ የእትዬ ብርቄን ደጃፍ ለምታውቁ ሁሉ፦ እትዬ ብርቄ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጓሯቸው ውስጥ ጦስኛቸውን ሲከረክሙ ድንገት ወድቀው አርፈዋል። ቀድመው ይሄዳሉ ብለን ስንፈራላቸው የኖርነው ባለቤታቸው ጋሼ ደገፉ ግን አሁንም አልጋቸው ላይ ናቸው።

ጋሼን ስትሮክ ከጣላቸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ከእትዬ እጅ ካልሆነ አይጎርሱም ነበር። የእትዬ ድምፅ ከራቃቸው «ብርቄ፣ ኮቱ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ በኦሮምኛ «ነይ» ማለታቸው ነው። ስለዚህ የእትዬ ዓለም ከአልጋው እስከ አጥሩ ብቻ ነበረች። ገበያ እንኳ የምንሄድላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነበርን። ሰው ከጎባ በላይ ካለው ከሳነቴ ተራራ ያመጣላቸውን አንድ ጭብጥ ጦስኝ አባዝተው ምንጣፍ ያስመሰሉት እዚያችው ጓሮ ውስጥ ነው።

እኔንም አስተምረውኛል። የሰጡኝን ችግኝ እንደ ጎመን ፍግ አልብሼ፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጥቼ አበሰበስኩት። ሄጄ ስናዘዝ ሳቁብኝ። «አብልተሽ ገደልሽው! ይሄ የብርድና የድንጋይ ልጅ ነው፤ ቅልብ አይወድም» አሉ። ከዚያ አንዱን ሐረግ መሬት ላይ አስተኝተው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑበት። «እኔም እንደዚሁ ነኝ፤ አንዳንድ ቀን ትንፋሽ ያጥረኛል» አሉኝ እጃቸውን እያራገፉ። ሐረጉ እዚያው ሥር ሲያበጅ ቆርጠው ሰጡኝ። ጉንፋን የያዘውም ሆነ እንግዳ የመጣበት ከዚያ ጓሮ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ሳነቴ ወጥተው፣ ጦስኝ ማንም ሳይተክለው ሜዳውን ሞልቶ ማየት። ባለፈው ጥቅምት «ጋሼን እኔ እይዛለሁ፣ ይሂዱ» ብዬ ሳነቴን አቋርጦ ደሎ መና በሚሄድ መኪና አሳፈርኳቸው። ነጠላቸውን አጥበው፣ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅተው ነበር። ገና ሳይደርሱ ደወልኩላቸው። «ጋሼ ጠንቶባቸዋል» አልኩ። መንገድ ላይ ወርደው በሚመለስ አይሱዙ ጎባ ገቡ። አልተቆጡኝም። «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጋሼ ጎን ተቀመጡ። ሌላ ቀን አልተገኘም።

እትዬ፣ በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ያን ቀን ጋሼ ምንም አልሆኑም። ትንሽ ጮኹ፣ ከዚያ በሩን ያዩ ነበር። የጨነቀኝ እኔ ነኝ። ቤቱ ጠበበኝ፤ ሮጬ ልወጣ ፈለግሁ። እኔ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ያቃተኝ ክፍል ውስጥ እርስዎ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ይቅር ይበሉኝ። ይህን የምጽፈው ጋሼ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ይሂዱ እትዬ፤ ዛሬ አልደውልም።