የሚዞሩት ጣሳዎች

በደርግ ጊዜ ከእንጦጦ ግርጌ የምኖርባት የቀበሌ ቤት ጓሮ አልነበራትም። ምን ላድርግ፣ ከጉልበት የማያልፍ ድንክ ቲማቲም በወተት ዱቄት ጣሳ በረንዳዬ ላይ ተከልኩ። ባሕር ዛፉ ፀሐይ ስለሚጋርደኝ ጣሳዎቹን ጠዋት ወደ ግራ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀኝ አዛውራቸዋለሁ። ለካ ይህንን የሚከታተል ሰው ኖሯል።

አንድ ቀን ታደሰ የሚባለው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«እነዚህ ጣሳዎች ለማን ነው ምልክት የሚሰጡት?» አለኝ።

«ለማንም። ፀሐይ እንዲያገኙ ብዬ ነው።»

«እሱን እዚያ ትናገራለህ» አለና ቀበሌ ወስዶ ቆለፈብኝ።

ከሳምንታት በኋላ ምንም ሲያጡብኝ ለቀቁኝ። ቲማቲሜ ደርቆ እንደሚጠብቀኝ አልተጠራጠርኩም። ቤት ስደርስ ግን ቅጠሉ ለምልሟል፣ ፍሬው ቀልቶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ታደሰ አጠገቡ ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ማን ነው የተንከባከበው?» አልኩት።

«እኛ ነና። ምልክቱን አይቶ የሚመጣውን ሰው ለመያዝ ጠዋትና ከሰዓት ስናዞረው ከረምን።»

«ውሃስ?»

«ከደረቀማ» አለኝ፣ «ሰዎችህ መታሰርህን ያውቁብናል።»