የሰርቨሩ ቁልፍም ለመስቀል ወልቂጤ ገብቷል

ወልቂጤ እናቴ ቤት፣ ክትፎው አፌ ውስጥ እያለ ከአዲስ አበባ ተደወለ። አውቶብስ ትኬት ሻጩ ደንበኛችን ነው። "ሲስተማችሁ ቆሟል! ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየጮኸብኝ ነው!"

የሠራንለት የትኬት መቁረጫ ሲስተም ያለው ውጭ አገር በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነው። በይለፍ ቃል አይከፈትም። የሚከፍተው ሁለት ላፕቶፖች ላይ ብቻ ያለ የቁልፍ ፋይል ነው።

አንዱ ላፕቶፕ የእኔ ነው። "ለመስቀል ሥራ ተሸክመህ ቤቴ እንዳትገባ" ያለችኝን እናቴን ፈርቼ አዲስ አበባ ትቼዋለሁ።

ሌላው የባልደረባዬ የዘይነባ ነው፤ የቡታጅራ ልጅ ናት። ደንባችን ለመስቀል እኔ አገሬ ስገባ እሷ ቢሮ እንድትጠብቅ፣ ለአረፋ ደግሞ እኔ እንድጠብቅ ነው።

በድንጋጤ ደወልኩላት። ስልኳ ከጎኔ ጮኸ!

ለካ ዘንድሮ ራሴው ጋብዣት እኛው ቤት ናት። እናቴ እንኳ የሙስሊም ሥጋ ለብቻ አዘጋጅታላታለች።

ዘይነባ እጇን ታጥባ ከቦርሳዋ ላፕቶፗን አወጣች። "አንተን አምኜ ባዶ እጄን የምመጣ መሰለህ?"

በስልኬ ኢንተርኔት ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ ሲስተሙን አስነሳችው።

"እናቴ፣ ሥራ ይዛ መጣች እኮ!" አልኩ።

"እንግዳ አይከለከልም። ብዪ ልጄ፣ ክትፎው ቀዘቀዘብሽ።"

ይኸው አሁን የዘይነባ እናት ከቡታጅራ ደውለው "ለአረፋ እሱንም ይዘሽው ነይ" አሏት።

"እሺ እማ፣ ከነላፕቶፑ!"

እናንተንስ ሥራ ከበዓል ገበታ አስነስቷችሁ ያውቃል? ማን አዳናችሁ?