ኤተር የሌለበት ጠርሙስ

ልጄ ለፀጉሯ የምትቀባውን የጉሎ ዘይት ገዝታ መጣች። ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ ላይዋ ላይ ፀጉሯ ወገቧ የደረሰ ሴት ተስላባታለች። ክዳኑን ስትከፍተው እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሽታው እዚያ ድረስ መጣብኝና ማማሰያውን አስቀምጬ ቆምኩ። የእኩዮቼ ልጅነት የሚሸተው አደይ አበባ ነው፣ አዲስ ደብተር ነው፤ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ እቀናለሁም። የኔ ልጅነት የሚሸተው ጉሎ፣ ላምባና ኤተር ነው። በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላደገች ልጅ ኤተር ከየት መጣ ብትሉ፣ ወንድሜ አስናቀ አውሮፕላን ያበርር ስለነበር ነው።

ሰው ስለሚሳፈርበት አውሮፕላን አይደለም የማወራው። የአስናቀ አውሮፕላን ከክንፍ እስከ ክንፍ አንድ ሜትር አትሞላም፤ በገዛ እጁ ነው የሠራት። ቃጫ አብቦ ሲደርቅ መሃሉ ላይ ቆሞ የሚቀረው ረጅም ግንድ እንደ ላባ ቀላል ነው፤ ገላዋን ከሱ ጠረበው። ክንፏ ሸንበቆና ስስ ወረቀት ነበር፣ ፕሮፔለሯ ደግሞ ከዋንዛ የተፋቀች። ሎሚ የምታህለውን ሞተር የሰጠው በመንግሥት እርሻው የውኃ ፓምፕ ይጠግን የነበረ ሩሲያዊ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አስናቀ መፍቻ እያቀበለው ይውል ነበር። ሰውዬው አማርኛ አይችል፣ አስናቀ ሩሲያኛ አይችል፤ ግን ሁለቱም የብሎን ቋንቋ ይችሉ ነበር። ሰውዬው አገሩ ሊገባ ሲል ሞተሯን፣ ሁለት ጥቅል ቀጭን ሽቦና አንድ የእንጨት መያዣ ትቶለት ሄደ።

ይቺ አውሮፕላን የምትበረው ታስራ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ከክንፏ ተነሥተው አስናቀ እጅ ላይ ካለው መያዣ ጋር ይገናኛሉ። እሱ መሃል ሜዳ ቆሞ አብሯት ይዞራል፤ አንጓውን ቀና ሲያደርግ ትወጣለች፣ ደፋ ሲያደርግ ትወርዳለች። ከክቡ መውጣት ግን የለም። እማዬ መጀመሪያ ሞተሯ ስትጮኽ ሰምታ ልትጥልበት ነበር፤ መታሰሯን ስታይ ተወችው። አባታችንን ወባ ከወሰደው ጀምሮ ከደጅ ርቆ የማይሄድ ነገር ሁሉ ደስ ይላት ነበር።

ነዳጇን የምንቀምመው ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉሎውን ቆልቼ እወቅጠዋለሁ፤ በውኃ ተቀቅሎ ዘይቱ ሲንሳፈፍ እንቀዳዋለን። ላምባው ከሱቅ ነው። ኤተሩን፣ ያን ቶሎ የሚተን ማደንዘዣ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩት ድሬሰር ጋሽ ሰይድ ከጠርሙስ ሥር የተረፈውን ይሰጡናል፤ በሰጡን ቁጥርም እሳት ዳር ካስቀመጣችሁት ወላሂ ቤታችሁን አታገኙትም ይሉናል። አንድ እጅ ኤተር፣ አንድ እጅ ላምባ፣ አንድ እጅ የጉሎ ዘይት። ኤተር ከሌለ ሞተሯ ቀኑን ሙሉ ቢታገሏት አትነሣም። ችግሩ የአገራችን ሙቀት ነበር፤ ክዳኑ ትንሽ ከላላ ኤተሩን ሙቀቱ ይጠጣዋል። ስለዚህ የኤተሩን ጠርሙስ እንስራው ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንቀብረው ነበር። ቅይጡ ልክ መሆኑን ደግሞ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ በአፍንጫዬ። አስናቀ አስጠግቶ ያስሸትተኛል፣ ጎደለ ካልኩ ይጨምራል። ስሜን ትቶ አፍንጫ ብሎ ነበር የሚጠራኝ፤ ሌላ ሰው ቢለኝ አለቅስ ነበር።

እሑድ አስር ሰዓት አልፎ ሙቀቱ በረድ ሲል ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንወርዳለን። እኔ ጭራዋን ይዤ እቆማለሁ፤ እሱ ፕሮፔለሯን በጣቱ ይመታል፤ ትስላለች፣ ትስላለች፣ ከዚያ ትጮኻለች። ሮጦ መያዣውን ያነሣና በጭንቅላቱ ምልክት ሲሰጠኝ እለቃታለሁ። ነዳጇ እስኪያልቅ ዙሩን የምቆጥረው እኔ ነኝ። የወደቀች ቀን ሳምንቱን ሙሉ ሲጠግናት ይሰነብታል። ጣቶቹ ላይ ሁልጊዜ ሙጫ ነበር፤ እጄን ሲይዘኝ ይጣበቁብኝ ነበር።

እኔ የአውሮፕላኗን ዙር ስቆጥር እማዬ የብሔራዊ ውትድርናውን ዙር ትቆጥር ነበር። አንዱ ዙር የጎረቤቶቻችንን ልጆች ወሰደ፣ ቀጣዩ የአጎታችንን ልጅ። አስናቀ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል፣ ዕድሜውም ደርሷል። እማዬ እስካሁን ያለፉት ስላላስታወሱት ነው ብላ ታምን ነበር። በደሴ መንገድ ለሚያልፉ አውቶቡሶች ፓፓያ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ባለሥልጣን ያለበት መኪና ሲቆም ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው። ለአስናቀም ጠዋት ማታ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ዓይን ውስጥ አትግባብኝ፣ ልጄ።»

በዚያ ዓመት የአብዮት በዓል ሊከበር ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ። እንግዳ መኮንን እንደሚመጣና የሠፈራችን ወጣት የሠራትን አውሮፕላን በሕዝብ ፊት ማየት እንዳለበት ነገረን። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አስናቀ እሺ አለ። ሰውዬው እንደወጣ እማዬ ውኃ ቅጂ ብላ ላከችኝ። ስመለስ የእማዬ ዓይን ቀልቷል። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

የበዓሉ ጠዋት ሜዳው በሰው ተሞላ። ባንዲራው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ሰልፍ የወጡት የእርሻው ሠራተኞች ሁሉም ፀሐይ ላይ ናቸው። የነዳጁ ጠርሙስ እንደ ወትሮው እኔ እጅ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ጉሎ አለ፣ ላምባ አለ፣ ኤተር የለም። አልጎደለም፣ ጭራሽ የለም። አስናቀ ከጭንቀቱ የተነሣ ክዳኑን ሳያጠብቀው ቀርቶ ሙቀቱ ጠጥቶታል አልኩ። ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ግን እሱ ራቅ ብሎ መድረኩ አጠገብ ከሊቀመንበሩ ጋር ቆሟል። ያ ሁሉ ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ቤት ሮጥኩ፣ እንስራውን ገፋ አድርጌ የኤተሩን ጠርሙስ ከአሸዋው አወጣሁ፣ አንድ እጅ ለክቼ ጨመርኩ፣ እንደገና አሸተትኩ። ልክ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም።

ስደርስ ስሙን በድምፅ ማጉያ ይጠሩ ነበር። ጋሽ ሰይድ በሰጡኝ አሮጌ ሲሪንጅ የነዳጅ ቋቷን ሞላሁና ጭራዋን ያዝኩ። አስናቀ ምንም አልጨነቀውም፤ ይህ ገርሞኝ ነበር። ፕሮፔለሯን አንዴ መታት። ሁለቴ መታት። ሦስተኛው ላይ ጮኸች። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን። ሳቅሁለት። ሰው ያጨበጭባል። የነዳጅ ቱቦዋን ነቅሎ ሊያጠፋት ይችል ነበር፤ ጣቱም ወደዚያ ሄዶ ነበር፣ አይቻለሁ። ተወውና ወደ መያዣው ሄደ።

እንደዚያ ቀን በርራ አታውቅም። ሣሩን ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ ብላ አለፈች፣ ወጣች፣ በጀርባዋ ተገለበጠች፣ ተመልሳ ቀና አለች። አንጓውን አንዴ ደፋ ቢያደርግ መሬት ገብታ ትሰባበር ነበር፤ አላደረገም። አርባ ሁለት ዙር ቆጠርኩ። ነዳጇ ሲያልቅ ጸጥ ብላ ተንሳፍፋ በጎማዎቿ አረፈች። ዘወር ስል እማዬ ከሰዉ ጀርባ የፓፓያ ቅርጫቷን አቅፋ ቆማ አየኋት። አላጨበጨበችም።

መኮንኑ ከመድረክ ወርዶ አስናቀን ጨበጠው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ክንፏን በጣቱ ይዳብሳል። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ፣ «እንዲህ ያለ እጅ እያላችሁ እስካሁን የት ደብቃችሁት ነው?» አለ። ሊቀመንበሩ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። አጠገባቸው የቆመ ወታደር ደብተር አውጥቶ የአስናቀን ስም ከነአባቱ ጻፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና ኤተሩን ማን እንደጨመረ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት፣ ሊያመሰግነኝ መስሎኝ። ያኔ ነገረኝ። ውኃ ልቀዳ በሄድኩ ጊዜ እማዬ እግሩ ላይ ወድቃ ለምናው ነበር፤ ሞተሯ አልነሣም ትበል፣ ሰው ይሳቅ፣ መኮንኑም ስቆ ይርሳህ ብላው። እሱም ቃል ገብቶላት ኤተሩን ሆን ብሎ ተወው። ለኔ ያልነገሩኝ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም ብለው ነው። ታዲያ ለምን አላጠፋሃትም አልኩት። ከተነሣች በኋላ እጄ አልታዘዘኝም አለኝ። ማልቀስ ስጀምር በዚያ ሙጫ በነካው ጣቱ አፍንጫዬን ጫን አደረገና፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ከወር በኋላ የአዲሱ ዙር ስም ዝርዝር ሲወጣ የአስናቀ ስም ከሁሉም በላይ ነበር። በጭነት መኪና ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ወሰዷቸው። አየር ኃይል ይገባል ያሉ ነበሩ፤ እኔም እማዬን በዚሁ አጽናናት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከሰሜን ደብዳቤ መጣ። እማዬ ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የጥይት ሣጥን እንደሚሸከም፣ አውሮፕላን ያየው አንዴ ብቻ፣ እሱም በጣም ከፍ ብሎ ሲያልፍ እንደሆነ ጽፏል። መጨረሻው ላይ «አፍንጫ፣ አሁንም እንዳትነግሪያት» ይላል። ያቺን መስመር ዘለልኳት። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በደሴ መንገድ በእግሩ ይጎርፍ ነበር። እማዬ መሸጡን ትታ ፓፓያውን እየቆረጠች ታድላቸዋለች፣ ለእያንዳንዱም የልጇን ስም ትጠራለታለች። አላውቀውም እማማ ይሏታል፤ እግራቸው አብጦ፣ ፓፓያውን ከነፍሬው እየዋጡ። የሚመጣው ሰው እያደር ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። እሷ ግን ክረምቱ እስኪገባ እዚያው ተቀመጠች።

መርዶ ያልመጣለትን ሰው ማልቀስ አይቻልም፤ ስለዚህ ቂም ያዘችበት። ቃል ገብቶልኝ ነበር፣ ጭብጨባ በለጠበት እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። የሱን አደራ እየጠበቅሁ ነው እል ነበር ለራሴ፤ እውነቱ ፍርሃት ነው። በመጨረሻው ሕመሟ እጇን ይዤ ሳለሁ፣ «ያ ልጅ ቃሉን ቢጠብቅልኝ ኖሮ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን ተኚ እማዬ የሚል ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተች፣ ልጇ እንደዋሻት እያመነች።

አምና ለሠርግ ሸዋ ሮቢት ሄጄ ነበር። ከሙሽሮቹ በላይ ካሜራ የተገጠመላት ድሮን፣ ሽቦ የላት ምን የላት፣ ስትዞር ዋለች። ልጆቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። በኛ ጊዜ ያን ሁሉ ሰው ትንፋሹን ያስያዘው አርባ ሁለት ዙር ነበር፤ ዛሬ ያንን የሚያስታውስ ሰው ብፈልግ አንድም አላገኘሁም። ከሱ የቀረኝ የእንጨት መያዣው ብቻ ነው። ሽቦው ዝጎ ተበጣጥሷል።

ልጄ ምን ሆንሽ አለችኝ። ጠርሙሱን ተቀበልኳትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጉሎ ብቻ ነው፤ ኤተር የለውም። እንደሱ ይሁን ብዬ ክዳኑን አጥብቄ መለስኩላት።