የአምስተኛው ሰው ሰንሰለት

ቄስ አለበል ብስክሌት መንዳት የጀመረ ሰሞን ያልተባለ ነገር አልነበረም። ጥምጣሙ ተፈትቶ ጎማ ውስጥ ገብቶ ያንቀዋል ያሉ ነበሩ፤ ካህን መንገድ ላይ እግሩን ሲያወራጭ ማየት ያሳፍራል ያሉም ነበሩ። እነዚያው ሰዎች ግን ቤታቸው ሰው ሲታመም መድኃኒት ከከተማ እንዲያመጣላቸው በማለዳ መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁት እሱኑ ነው። ሰው እንዲህ ነው። አለበልም ይህን ስለሚያውቅ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ቤቱና የሚያገለግልበት ደብር፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገጠር ናቸው፤ እንጀራው ያለው ግን ንፋስ መውጫ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። በመካከሉ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር አለ፤ ዐሥራ አራቱ አስፋልት፣ ስምንቱ ጠጠር። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ የሥራ ሰዓት ይበላል። መንገድ ተዘጋ በተባለ ቀን ደግሞ ሚኒባሱም ባጃጁም የለም፤ እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ በዚህ ዘመን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የሠላሳ አራት ዓመቱ ቄስ ጥምጣሙን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ሱሪውን በካልሲው አስገብቶ ይነዳል።

ብስክሌቱ የእሽቅድምድም ነው። መሪው እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ፣ ጎማው ሲገዛው ከአውራ ጣት የማይሰፋ ነበር። አስፋልቱ ላይ ይበራል፤ ጠጠሩ ላይ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይፈነዳል። መናኸሪያው አጠገብ ብስክሌትና ባጃጅ የሚጠግነው ቢሻው ወፈር ያለ፣ ጥርስ ያለው ጎማ ይግባለት ቢለው አለበል ይከብደኛል ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ተሟገተ። በመጨረሻ የተረታው በቢሻው አፍ ሳይሆን ጭቃ ላይ በወደቀበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ለአስፋልቱ ጠንከር አድርጎ ይነፋል፤ ጠጠሩ ሲጀምር ይወርድና ከሁለቱም ጎማ ትንሽ አየር ያስተነፍሳል፣ ድንጋዩን እንዲያቅፍለት። መለኪያው ኪርያላይሶን ነው፤ ከፊቱ ጎማ ስድስት ኪርያላይሶን፣ ከኋላው አራት።

በጎማው የተማረውን ያህል በሰንሰለቱ አልተማረም። ቢሻው ያለው ቀላል ነበር፤ በየሳምንቱ በጨርቅ ጥረግ፣ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት፣ ውሃ ከነካው ወዲያው አድርቅ። አለበል ሁለቱን በሚገባ ይፈጽማል። ሦስተኛውን እንዳይፈጽም ያደረጉት ጎረቤቱ እማማ አበራሽ ናቸው። እማማ አበራሽ በየማለዳው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ከአጥራቸው ይወጣሉ። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ መሪውን፣ ከዚያ ጎማና ሰንሰለቱን ይረጫሉ። ጠበል ደግሞ አይጠረግም፤ በራሱ ይደርቃል። ይህ በጽሑፍ ይኑር አይኑር አለበል እንኳ እርግጠኛ አይደለም፤ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየው እንዲህ ነው፣ እጁም እንቢ ይለዋል። ስለዚህ ጠበሉ በየመጋጠሚያው ሰርጎ ይቀራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱን የሚያደርገው ከዝገቱ በላይ ነው።

ሰኞ ዕለት ቢሻው ሰንሰለቱን ወደ ኋላ እያዞረ አንዷ መጋጠሚያ አልታጠፍ ማለቷን አሳየው። የጠበሉን ነገር ከአለበል ሲሰማ ለመሳቅ ፈልጎ ተወው።

«አባ፣ ጠበሉ ይባርክዎት፤ ዝገቱ ግን የውሃው ነው» አለው። «ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ፣ እቀይረዋለሁ። እስከዚያ ዳገት ላይ አይጫኑት።»

ቅዳሜ ሩቅ አልነበረም፤ ረቡዕ ግን ቀደመ።

የእማማ አበራሽ ባል አቶ ደምሌ ገበሬ ናቸው። ሁለቱ በሰማንያ ተጋብተው አርባ ዓመት ኖረዋል። በዚህ ዐቢይ ጾም አብረው ሊቆርቡ፣ ትዳራቸውን በሥጋ ወደሙ ሊያትሙ ተስማሙ፤ ንስሐቸውን ጨረሱ፤ ለእሑድ ቀን ተቆረጠ። ደረታቸውን ይዞ የከረመው በሽታ ግን እሑድን የሚጠብቅ አልመሰለም። እማማ አበራሽ ሰሞኑን ለአለበል የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ሞቱን አልፈራም፣ ሳይቆርብ ቀድሞኝ ሄዶ እዚያ ተለያይተን እንዳንቀር ነው የምፈራው ይሉታል።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደማርያም ደወሉ። ደምሌ ከጠዋት ጀምሮ ተዳክመዋል፤ ቁርባኑ ዛሬ ካልሆነ አይደርስም። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ሰው ባነሰ አይገባም፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዲያቆናቱ አሉ። ሌላው ቄስ ግን መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄደው መንገድ ተዘግቶባቸዋል።

«አራት ነን» አሉ ቄስ ወልደማርያም። «ሰባት ሰዓት እንገባለን። ቢበዛ እስከ ሰባት ተኩል እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሰውዬውን ትንፋሽ አላምነውም።»

አለበል ጾም ላይ ስለሆነ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰም፤ በዚህ በኩል ዝግጁ ነበር። ግን ለቅዳሴ የሚገባ ካህን ወደ አፉ ምንም ሊገባ አይገባም፤ አንዲት ዝንብ ብትገባ፣ አንዲት የውሃ ጠብታ ምላሱን ብትነካው ያን ቀን አይቀድስም። ከሰውነቱ ደም ከወጣም እንደዚሁ፣ መቅደስ አይገባም። በእግር ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነው። በብስክሌት ለሚመጣ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ጠላት ነው። አለበል ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ ነጠላውን አፍና አፍንጫው ላይ ጠመጠመና ወጣ። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በሰላም ከሄደ አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃዋል።

መንገዱ ጭር ብሏል፤ አንድ መኪና የለም። ፀሐዩ አናቱን ይቀጠቅጠዋል፣ ነጠላው ትንፋሹን ይመልስበታል። ከሁሉ የከፋው ከታች የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ያቺ አልታጠፍ ያለች መጋጠሚያ የማርሹ ጥርስ ላይ ስትደርስ ቀጭ ትላለች። መቁጠር ጀመረ። ዳገት ሲመጣ በቀላሉ ማርሽ፣ ሳይጫን፣ እንደ ሽማግሌ ይወጣል። ቀጭ። በልቡ ውዳሴ ማርያም እየደገመ እንኳ ጆሮው ታች ነበር።

የመጨረሻው የአስፋልት ዳገት ላይ ሰዓቱን ሲያይ ስድስት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። እዚህ ላይ ተሳሳተ። ትንሽ ላፍጥን ብሎ ከኮርቻው ተነስቶ ተጫነ። ሰንሰለቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ እግሩ ባዶ ፔዳል ረገጠ፣ ደረቱ መሪው ላይ አረፈ። ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ሰንሰለቱ ወድቆ ቢቀር ደግ ነበር። ግማሹ በኋላው ጎማና በብረቱ መካከል ተጠቅልሎ ተቀርቅሯል፤ ጎማው አይዞርም። የተበጠሰው ጫፍ ተሰንጥቆ እንደ ምላጭ ቆሟል። አለበል እጁን ሰደደና መልሶ ሳበው። ጣቱን ትንሽ ቢነካው ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል፤ በጊዜው ቢደርስ እንኳ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ይሆናል እንጂ አምስተኛ አይሆንም። ተቀምጦ ጫማውን ፈታ፤ ካልሲዎቹን አውልቆ እጆቹ ላይ አጠለቀ። በካልሲው እየዳበሰ፣ አንዲት አንዲት መጋጠሚያ እያስለቀቀ ያወጣው ጀመር። ላቡ ከቅንድቡ ወደ ነጠላው ይወርዳል፤ እንዳይገባበት አፉን ገጥሟል። በመንገዱ አህያ የሚነዱ አንዲት ሴት ደርሰው እንዲህ ሲያልበው አይተው ውሃ ልስጥህ ቢሉት አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ዲዳ መስሏቸው እግዚአብሔር ይማርህ ብለው ሄዱ።

ሰንሰለቱ ሲወጣ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን በሩጫ ጨረሰና ጠጠሩ የሚታጠፍበት ደረሰ። ከዚህ ጀምሮ ስድስት ኪሎ ሜትሩ ቁልቁለት ነው፤ የመጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። በእግር ቢሄድ አይወድቅም፣ ግን አይደርስም። ሰንሰለት በሌለው ብስክሌት ተንሸራትቶ ቢወርድ ይደርሳል፤ ከወደቀ ግን ይደማል። ቆሞ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም፤ ፍርሃት ግን ነበረው።

ቸኩሎም ቢሆን አንድ ነገር አልዘለለም። ጎንበስ ብሎ ከፊቱ ጎማ አየር አስተነፈሰ። ኪርያላይሶን፣ ስድስት ጊዜ። ከኋላው አራት። በሕይወቱ እንዲህ የረዘመ ኪርያላይሶን ብሎ አያውቅም። ከዚያ ተቀምጦ እግሩን አነሳ።

ጠጠሩ ከሥሩ ይፈናጠራል። ወፍራሞቹ ጎማዎች ድንጋዩን እየዋጡ ያልፋሉ፤ በቀጭኖቹ ቢሆን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ያበቃለት ነበር። ፍሬኑን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ እያደረገ ወረደ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ልቅ ጠጠር ተከምሯል፤ የኋላው ጎማ ሸርተት አለ፣ ብስክሌቱ ጎኑን ሰጠ፣ አለበል ግራ እግሩን ተክሎ ፔዳሉ ቅልጥሙን ገጨው። አልወደቀም። ግን ቅልጥሙ ላይ እርጥብ ነገር ሲወርድ ተሰማው። ለማየት አልደፈረም። ቁልቁለቱን ሙሉ ያን እርጥበት ይዞ፣ እመቤቴ ደም አይሁን፣ እመቤቴ ደም አይሁን እያለ ወረደ። ታች ደርሶ ሲቆም ዓይኑን ጨፍኖ ሱሪውን ሰበሰበና ገለጠው። ጥቁር ነው። ላብና የሰንሰለት ዘይት። እዚያው እንደቆመ እንባው መጣ፤ እንባውም አፉ እንዳይገባ ቀና ብሎ ጠረገው።

የመጨረሻውን ዳገት ብስክሌቱን ተሸክሞ ወጣ። አጥር ሥር ጥሎት መሄድ አልታሰበውም። ቅጽሩ በር ሲደርስ ሰባት ከሃያ አምስት ነበር። አቶ ደምሌ ቅጽሩ ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር በቃሬዛ ተኝተዋል፤ እማማ አበራሽ ነጭ ለብሰው፣ ባላቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ቄስ ወልደማርያም በሩ ላይ ቆመው ነበር። እንኳን ደህና መጣህ አላሉትም።

«አፍህ?»

«ንጹሕ ነው።»

«ደም?»

እጆቹን ዘረጋ። አስተዳዳሪው ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ መዳፉን፣ ክርኑን፣ ወርደው ቅልጥሙን አዩ። ከዚያ ዲያቆኑ እንዶድና ውሃ እንዲያመጣ ጠቆሙ። እጁ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አልለቀቀም። አለበል አፈረ። ቄስ ወልደማርያም ግን ቀይ እስካልሆነ ይበቃል ብለው ልብሰ ተክህኖውን አቀበሉት።

ቅዳሴው ተገባ። አለበል ረዳት ቄስ ሆኖ ቆመ። የቁርባኑ ሰዓት ደርሶ አቶ ደምሌን ደግፈው ሲያቀርቧቸው አፋቸውን መክፈት አቃታቸው። እማማ አበራሽ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው የሆነ ነገር አሏቸው፤ ምን እንዳሉ ማንም አልሰማም። ከንፈራቸው ተላቀቀ። ተቀበሉ። ጉሮሯቸው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል አለበል አየ፤ ከዚያ እማማ አበራሽ በተራቸው ቀርበው ተቀበሉ።

አቶ ደምሌ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አለበል፣ ቢሻው በሰው የላከለትን አዲስ ሰንሰለት አስገብቶ፣ በማለዳ ተነሳ። ለእማማ አበራሽ ሊነግራቸው ወስኖ ነበር። ሰንሰለት ላይ ባይረጩት ደግ ነው፣ እኔን ቢረጩኝ ይበቃል ሊል አስቦ ቃሉን ሌሊት ሲያዘጋጅ አድሯል። ሐዘን ላይ ናቸውና አይወጡም ብሎም ነበር። ወጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ያንኑ ጠርሙስ ይዘው ከአጥራቸው ብቅ አሉ። እሱን ረጩት። መሪውን፣ ጎማውን፣ የሚያብረቀርቀውን አዲስ ሰንሰለት ከሌላው ጊዜ አብዝተው ረጩት።

«አባ፣ ያን ዕለት ያደረሰዎ እኮ ይኸ ነው» አሉ። «ጧት አርከፍክፌው ነበር።»

አለበል ሌሊቱን ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋው።

«አዎ፣ እማማ» አለ። «እሱ ነው ያደረሰኝ።»

ውሸት የተናገረ አልመሰለውም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሰናብቶ ሄደ። ኩርባውን አልፎ አጥራቸው ሲሰወር ግን ወረደ፤ ቢሻው ከሰንሰለቱ ጋር የላከለትን ጨርቅ አውጥቶ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ፣ በየመጋጠሚያው አደረቀ። ጨርቁ ከዘይቱ ጋር በጠበል ረጥቧልና መሬት ላይ ሊጥለው አልቻለም፤ ፊቱን ጠረገበትና በኪሱ ከተተው። እንደዚያው ግንባሩ ላይ ጥቁር መስመር ይዞ ንፋስ መውጫ ገባ። ቢሻው ከሩቅ አየውና ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አቀበለው።