ላሚቱን የሸጠው ስክሪን

ላሚቱን የሸጥኋት ወተት የሸጥሁ መስሎኝ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ገንቦ ነው፣ አንዱ ላም። ለእኔ ግን ሁለቱም ነጭ ነጠብጣብ ነበሩ። አንዱን ነካሁ፤ በረቱ ባዶ ሆነ።

እውነተኛ ላም አልነበረችም። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተከራይቶ ይኖር ከነበረ ተመራቂ ተማሪ በገዛሁት፣ በሁለት እጅ ይዘው በሚጫወቱበት የጌም ኮምፒዩተር ውስጥ የምትኖር ላም ናት። ከሥራ ስመለስ አንድ ሰዓት እርሻዬን አርሳለሁ። ድንች ተክያለሁ፣ ስንዴ ዘርቻለሁ፣ ዶሮም አለኝ። የቆጋ ገበሬ በመስኖ የሚያለማውን እኔ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ በአውራ ጣቴ አለማዋለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን የምናገረው ሳላፍር ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ ትንሽ አፍራለሁ።

"መነጽር አድርግ" አለች ባለቤቴ። ሐዘኔን ስነግራት ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው።

መነጽር ማድረግ አልችልም። ኮሌጅ ውስጥ ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምራለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ ያጣመመውን መስመር በር ላይ ቆሜ አይቼ "ይኸ ግማሽ ሚሊሜትር ወጥቷል" እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ዝናዬ ያ ነው፤ ሌላ ዝና የለኝም። መነጽር ባደረጉ ባልደረቦቼ ላይ ስንቴ እንደቀለድሁም እነሱ አልረሱትም። ስለዚህ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው አልሁ። ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። የሠሩት ሰዎች ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው ዓይነት ቢያወጡ ኖሮ ላሚቱ ዛሬም በረት ውስጥ ነበረች።

በቤታችን ይህን ነገር የተቀበሉኝ አባቴ ብቻ ናቸው።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ዘጌ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ሁሉ ብራና እየፋቁ፣ ቀለም እየበጠበጡ፣ በሐይቁ ዙሪያ ላሉ አድባራት መጻሕፍት ሲጽፉ ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት "እጄ ደከመ" ብለው ብርዓቸውን በጨርቅ ጠቀለሉና በጀልባ ተሻግረው እኛ ዘንድ መጡ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጥቁር ሽፋን ያላትን የታተመች ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አመሻሽ ላይ እኔ ስጫወት ደግሞ አጠገቤ ሆነው የእርሻዬን ወሬ ይጠይቁኛል። ድንቹ ደረሰ ወይ፣ ዝናብ ጣለ ወይ፣ ላሚቱ ታለበች ወይ። መሸጧን ስነግራቸው "ለማን?" አሉኝ። ለማን እንደሸጥኋት እኔም አላውቅም።

ስለ ስክሪኑ ያለኝን ቅሬታ ሲሰሙ ማሽኑን ተቀበሉኝ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ስክሪኑ ጎድጎድ የሚልበትን ቦታ ፈልገው አገኙ።

"ኅዳጉ በዛ" አሉ። "ዳር ዳሩን እንዲያው በከንቱ ትተውታል። እኛ ብራና ሲያጥረን ኅዳጉን አጥብበን ፊደሉን እናሰፋለን። መጽሐፉ ሳያድግ ጽሕፈቱ ያድጋል።"

ከዚያ ስለ ልማዳቸው አጫወቱኝ። ሸምገል ያሉ ቄስ ንባብ ሲከብዳቸው ዓይናቸው ደከመ ብሎ የሚናገር የለም። መጽሐፉ ደቃቅ ነው ይባልና፣ ሌላ ጉልህ አድርጎ እንዲጽፍ ወደ ጸሐፊው ይላካል። ስለ ዓይን የሚያነሣ ሰው ባለጌ ነው።

"የዚህ ጸሐፊዎች እንግዲህ የሠሩት ሰዎች ናቸው" አሉ ማሽኑን እየመለሱልኝ። "ላክባቸው።"

ደስ አለኝ። ሰማሽ ወይ ለማለት ወደ ባለቤቴ ዞርሁ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ። እኔ የማውቀው አጻጻፍ አንድ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ። "ጉዳዩ፦ ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው ዓይነት እንዲሠራልን ስለመጠየቅ" ብዬ አሰመርሁበት። "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብዬ ጀመርሁ፤ "ለሚደረግልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን" ብዬ ጨረስሁ። ከታች "ግልባጭ" ጻፍሁና፣ ለማን እንደምገለብጥ ስለጠፋኝ "ለፋይል" አልሁ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ንድፉ ገባሁ። ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን፤ ልኩ ሁሉ በቁጥር ተጽፎ። አካሉ እንዳለ ይቆያል፣ ኅዳጉ ይጠባል፣ ስክሪኑ ይሰፋል።

በንድፍ ወረቀት ግርጌ ሁልጊዜ ሁለት ሳጥን አለ፤ "የነደፈው" እና "ያረጋገጠው"። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ ሃይማኖት ነው የማስተምራቸው። ስለዚህ አባቴን "ያረጋግጡልኝ" አልኋቸው።

አባቴ በጽሕፈት ነገር ቀልድ አያውቁም። ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አገላበጡት፣ መስመሩን በጥፍራቸው ተከተሉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእጄ እስክሪብቶ ተቀብለው "ያማረ ነው" አሉና ፈረሙ።

የምትልክልኝ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ እንግሊዝኛውን ለእሷ ትቼላታለሁ። የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሐሳብ መስጫ ቦታ አለ። "አባዬ፣ ቦታው ትንሽ ነው፤ ምስጋናህ ብቻ ይሞላዋል" አለችኝ። ከዚያ ንድፉን አነሣችና አየችው። ልጄ ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ የሚስቀው ትከሻዋ ነው።

"ምነው?" አልኋት።

"ስክሪኑ ከማሽኑ ይበልጣል።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ማሽኑ ሃያ ሦስት ሳንቲሜትር ነው ብለሃል። ስክሪኑን ደግሞ ሃያ ስምንት አድርገኸዋል። በግራም በቀኝም ሊወጣ ነው።"

ወረቀቱን ነጠቅኋት። አስጠግቼ አየሁት፣ ምንም የለም። ክንዴን እስከ መጨረሻው ስዘረጋ ቁጥሩ ብቅ አለ። ሃያ ነበር ያሰብሁት፤ ዜሮው አልታየኝ ብሎ ከላዩ ሌላ ዜሮ ደርቤበት ስምንት ሆኖ አረፈ።

"ተረጋግጧል እኮ" አልሁ። "አባባ አረጋግጠውታል።"

ባለቤቴም ሰምታ ነበርና ሦስታችንም አባቴ ወደተቀመጡበት መስኮት ዞርን። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"እኔ ያረጋገጥሁት ወረቀቱን ነው" አሉ። "ደህና ወረቀት ነው።"

ልጄ ሳቀች፣ ባለቤቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። አባቴ አልሳቁም።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርሴን እየበላሁ ከጠረጴዛው ማዶ አየኋቸው። ለሩቅ ዓይኔ ደህና ነው። ዳዊት እየደገሙ ነው፤ ቃሉ አይደናቀፍም፣ ገጹን በየጊዜው ይገልጣሉ። እጃቸው ላይ የተዘረጋው ግን ዳዊት አልነበረም። ጥቁር ሽፋን ያለው የልጄ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ የያዝሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁት። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር እጃቸው እንደማይንቀጠቀጥ ሻይ ሲጠጡ በየቀኑ አይቻለሁ። የደከመው እጃቸው እንዳልሆነ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግማሽ ሚሊሜትር አያለሁ ብዬ የምኩራራው ሰውዬ የገዛ አባቴ መጻፍ ያቆሙበትን ምክንያት አላየሁም። በጣም አፈርሁ።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። "አባባ፣ የደከመው እጅዎ ነው ወይስ ዓይንዎ?"

መዝገበ ቃላቱን ቀስ ብለው ዘጉት።

"አንተ መነጽር ላለማድረግ ፈረንጆቹ ማሽናቸውን ይቀይሩ አልህ" አሉ። "እኔ ወደ ማን ልላክ? ጸሐፊው እኔው ነኝ።"

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኋቸው። እምቢ አሉ። "አሁን ጥላ ጥላውን አያለሁ፤ የሐይቁንም ብርሃን አያለሁ። ሲነኩት ጭራሽ ቢጠፋብኝስ?" አባቴ ሲፈሩ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ብለምናቸው፣ ባስለምናቸው አልሆነም። በመጨረሻ "አንተ መጀመሪያ" አሉኝ።

በሳምንቱ መነጽር አድርጌ ክፍል ገባሁ። ባልደረቦቼ ሃያ ዓመት ያጠራቀሙትን ቀልድ በአንድ ቀን ጨረሱብኝ። ከሁሉም የከፋችው ባለቤቴ ናት፤ ምንም አላለች። አባቴ ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው መነጽሩን አገኙትና "ይሁን" አሉ። ሐኪም ቤት ሄድን፤ የዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሣ፤ መጀመሪያ የአንዱ፣ ቆይቶ የሌላው።

ልጄ በመሀሉ ማመልከቻዬን ወደ ሦስት መስመር አሳጥራ ልካው ኖሯል። መልስም መጣ፤ ሐሳብዎን ተቀብለናል ይላል። "ለሁሉም የሚሄድ መልስ ነው፤ ሰው አልጻፈውም" አለችኝ። እኔ ለአባቴ "ተቀብለናል ብለዋል" ብቻ አልኋቸው። "የተባረኩ ናቸው" አሉ።

ሁለተኛው ዓይናቸው በዳነ ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ላሚቱን አሳየኝ" አሉ። መልሼ ገዝቻታለሁ፤ በመነጽር፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጬ። የታዘዘላቸውን የማንበቢያ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ማሽኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። ይህን ያህል ጊዜ ድንቹንና ዝናቡን ሲጠይቁኝ የኖሩትን እርሻ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። አስጠጉት፣ አራቁት። ሕክምናው አልሠራ ይሆን ብዬ ተጠጋኋቸው።

"ከገንቦው አጠገብ ናት" አልሁ።

"አየኋት" አሉ። "አንድ ቀንዷ አጠር ይላል።"

ተቀብያቸው አየሁ። እውነት ነው፤ የግራው ያጥራል። ዓመት ሙሉ ሳልባት አላየሁትም፤ በመነጽርም አላየሁትም።

አባቴ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ ያ በጨርቅ የተጠቀለለው ብርዕ እጃቸው ላይ ነበር። ተቀመጡና ጨርቁን ይፈቱ ጀመር።

"ዓይኔ ደህና ነው" አሉ። "ማሽኑ ግን እውነትህን ነው፣ አንሷል። ድገምና ጻፍላቸው። አሁን አይቼ እፈርምልሃለሁ።"

ወረቀት ያመጣችው ባለቤቴ ናት።