በጸሎት መሃል ያዞርኩት ማይክ

ልጅ እያለሁ፣ ገርጂ ከኢምፔሪያል ገባ ብሎ በነበረችው የቆርቆሮ ጸሎት ቤታችን፣ ድራም ለመምታት የምንመኘው ሁለት ነበርን፤ እኔና ጓደኛዬ ናቲ። ሁለታችንም የተለማመድነው በቢጫ ጀሪካን ላይ ነው። እኔ ምቱን እየቆጠርኩ ከሰዓት ሙሉ ስደበድብ እሱ ኳስ ይጫወት ነበር። ድራሙ ሲመጣ ግን የመዘምራኑ መሪ ወንድም ታምራት ሁለታችንንም ድራሙን አስመታንና መምቻውን፣ ስቲኩን፣ ለናቲ ሰጠው። እኔን "አንተ ጆሮህ ጥሩ ነው፤ ማይኩን ያዝ" አለኝ።

ሦስት ማይክ ነበረን። የት እንደሚቀመጡ ያስተማረኝ የለም፤ ናቲ እየመታ እኔ በጉልበቴ እየዳህኩ በጆሮዬ ፈለግሁ። ወፍራሙን በእግር ከሚመታው ትልቅ ድራም ቀዳዳ ፊት፣ አንዱን ከላይ። ቀጭኑን ደግሞ በጉልበቶቹ መካከል ላለችው ትንሿ ድራም፣ ከሚመታው ፊቷ ሦስት ጣት ከፍ አድርጌ በመጥረጊያ እንጨት ላይ በላስቲክ አሰርኩት። ትንሽ ዞር ካለ ያቺ ድራም ትጠፋና የሲምባሉ፣ የናስ ሳህኑ፣ ጩኸት ብቻ እንደሚቀር ደርሼበታለሁ።

መዝሙራችን የሚቀዳበት ቀን የናቲ እናት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ መዘምራን "ናቲዬ፣ እንዳታሳፍረን!" ይሉታል፤ እሱ ይስቃል። እናቴ "ቅናት አጥንት ያነቅዛል" ስትል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር። ከመቀዳቱ በፊት ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። እኔ አልጨፈንኩም። እጄን ሰደድ አድርጌ ቀጭኑን ማይክ ወደ ሲምባሉ አዞርኩት።

የተቀዳውን ስንሰማ ቿ፣ ቿ ብቻ ሆነ።

"ናቲ፣ የድስት ክዳን ነው እንዴ የምትደበድበው?" አለ ወንድም ታምራት። ሰዉ ሳቀ፤ እናቱ አንገታቸውን ደፉ። ናቲ ወደ እኔ መጣ።

"አንተ ትሰማለህ። እጄ ነው ያበላሸው?"

"ትንሽ ከበድ ይላል" አልኩት።

አመነኝ። "በቃ አንተ ምታው" ብሎ ስቲኩን ሰጠኝና እሱ ማይኮቹ ጋ ተንበረከከ። ቀጭኑን ሲያይ "ላስቲኩ ላልቷል መሰለኝ" አለ፤ ሦስት ጣቱን ለክቶ በትክክል ወደ ቦታው መለሰልኝ። እንደገና ሲጸለይ በዚህኛው ጨፈንኩ።

መትቼ የተቀዳውን ስንሰማ የተመሰገንኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ማይኩ ቦታው ላይ ስለነበር የእጄን ነገር አንድም ሳይደብቅ ነገረኝ፦ ምቱ ልክ ነው፤ ግን የሚቆጥር ልጅ ምት ነው። ናቲ አይቆጥርም ነበር።

ዛሬ ሳሊተ ምሕረት ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ፤ ለድራም ብቻ ስምንት ማይክ። የትንሿን ድራም አሁንም በሦስት ጣት እለካለሁ። ናቲ ባንክ ይሠራል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስቲክ አልያዘም። ያደረግሁትን እስካሁን አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት በመኪናው ላምበረት ሲያደርሰኝ መንገዱ ተዘጋ፤ እያወራኝ ሳያስበው መሪውን በጣቶቹ ይመታ ጀመር። ልክ እንደ ድሮው፣ ሳይቆጥር። ያ እጅ በደንብ የተሰማበት አንድ ቅጂ እንኳ በእጄ የለም። አሁንም ቀናሁበት፤ ግን ጣቶቹን እየሰማሁ መንገዱ ባይከፈት ብዬ ተመኘሁ።