አንባቢው ሣጥን

የድምፅ መኪና አይዋሽም፣ የሰጡትን ብቻ ይመልሳል ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ በጣልያን ጊዜ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ መኪና ሲያታልልም ሲታለልም አይቻለሁ።

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ አዲስ ቴፕ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ወደፊት መጽሐፍ ራሱ ያነብልዎታል፤ ዓይንዎም ያርፋል» አለኝ። የቴፑ የጋለ ዘይት ሽታ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ፤ ሐይቁ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር።

እዚያ ዳዊት ተማሪዎች ነበርን። የሐይቁን ደንገል ሣር አንጥፈን ከየኔታ ፊት ስናነብ፣ አንድ ጧት የጣልያኑ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ሣጥን ይዞ መጣ። ሣጥኑ መለከት የመሰለ አፍ ነበረው፤ ሰምና ዘይት ይሸታል። የኔታን በመለከቱ ፊት ወንጌል አስነበባቸው፣ ጥቁሩም ሰም በመርፌው እየተፋቀ ዞረ። ቀጥሎ ሹሙ እጀታውን ሲያዞረው የየኔታ ድምፅ ከሣጥኑ ወጣ። ምን እናድርግ? ወንጌል ሲነበብ ይቆማል። ሁላችንም ብድግ አልን። የኔታም ለገዛ ድምፃቸው ተነሡ።

ዳር ላይ ታንኳ ሲያስር የነበረው እስላም ጎረቤታችን፣ «የኔታ፣ ሣጥኑ መቼ ቀሰሰ?» ብሎ ሳቀ።

ሹሙ አልሳቀም። የቆምነውን እኛን ነበር የሚያየው። «ወደፊት አንባቢ አያስፈልጋችሁም፤ ይህ ያነብላችኋል» አለ በአስተርጓሚው አፍ። ያን ጊዜ ሆዴ ጠረጠረ። አንባቢ የሌለው አገር ለማን ነው የሚመቸው?

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁን የያዘው፣ ዘጌ ጫካ የገቡ አርበኞች እጃቸውን እንዲሰጡ የሚጠራ አዋጅ ነበር። ሕዝብ የሚነሣለት ድምፅ እንዲያነበው ፈለገ። የየኔታ አንድ ልጅ ከነዚያው አርበኞች ጋር ነበር። እምቢ ቢሉ ገመድ አለ፤ እሺ ቢሉ ልጃቸው በአባቱ ድምፅ ተጠርቶ ሊወጣ ነው።

የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ያ ወንጌልን አንድም ቀን ያልተሰናከለበት አንደበት፣ ትናንት ፊደል እንደጀመረ ሕፃን፣ እያንዳንዷን ፊደል በዜማ እየጎተተ ያነብ ጀመር። «እ... ጃ... ች... ሁ... ን...» እኛ እንዲህ አንብበን ስንት ኩርኩም ቀምሰናል! ሹሙ የቅዳሴ ዜማ መስሎት ራሱን በደስታ ነቀነቀ። አስተርጓሚው ግን ገብቶት ጫማውን አየ።

በገበያ ቀን ሣጥኑ አዋጁን አነበበ። ማንም አልተነሣም።

«ውይ፣ የኔታን አስገድደዋቸዋል!» አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ።

«ዝም በይ እቴ፣ የሰማ ሰምቷል» አላት ጎረቤታችን፤ ወዲያውም ታንኳውን ወደ ዘጌ አዞረ። የየኔታ ልጅ ከጫካ አልወጣም።

ለሹሙ በኋላ የንባቡን ምሥጢር ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። የኔታን በጀልባ ወሰዷቸው፤ ሣጥኑንም፣ በውስጡ የነበረውን የወንጌል ንባባቸውንም። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ልጃቸው ጠጉሩን እንዳጎፈረ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። «እሳቸው እንዳስተማሩህ አድርገህ አንብብልኝ» አለኝ። ወንጌሉን ገልጬ ጀመርሁ። እሱም ተነሣ። እስክጨርስ ድረስ፣ አባቱ ከዚያ ይወጡ ይመስል፣ ከከንፈሬ ዓይኑን አልነቀለም።

የጎረቤቴ ልጅ ቴፑን ትቶልኝ ሄዷል። አልከፈትሁትም። አንተም አንባቢዬ፣ ይህን በዓይንህ ብቻ አንብበህ አጥፈህ አታስቀምጠው። ተነሥተህ ቤትህ ውስጥ ላለ ሰው፣ በገዛ ድምፅህ፣ ጮክ ብለህ አንብብለት።